የተሳቢ ሞዞ፣ ታንቡርና ኩሽኔታ አቀያየር፤ በዋግ መንገድ ለሚሠሩ

የዋጓ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2200 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ከእሷ ቁልቁል ያለው የተከዜ ግድብ ሐይቅ ሞልቶ እንኳ 1140 ሜትር ላይ ነው። በወዲያኛው በኩል በኮረም አድርገው ወደ አላማጣ ሲወርዱ የግራካሕሱ ቁልቁለት ብቻውን 1000 ሜትር ያህል ከፍታ በጥምዝምዝ መንገድ ያስጥላል። ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ1000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ሞተሩ ይይዘዋል፣ ከፊሉን ነፋሱና መንገዱ ይወስዱታል፤ የቀረው የሚያርፈው ሸራና ታንቡር ላይ ነው። ታንቡሩ ሲግል ሞዞው ይግላል፤ ሞዞው ሲግል ግሪሱ ይቀጥናል፤ ግሪሱ ቀጥኖ ሲያመልጥ ኩሽኔታው ብረት ለብረት ይፋተጋል።

ይህ ጽሑፍ በአየር ፍሬን ለሚሠራ የጭነት መኪና ተሳቢ ነው። ሥራው ትልቅ ጋራዥ የግድ አይፈልግም። ደልዳላ ሜዳ፣ ጥሩ ክሪክ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ንጹሕ ጨርቅና አንድ ሙሉ ቀን ካለ ሰቆጣ ላይ በደንብ ይሠራል። ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አቧራና የጉልበት ብዛት። አቧራውን ሁሉም ያውቀዋል። ስለ ጉልበቱ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ስንዴ ጭነን ከኮረም ወደ ሰቆጣ ስንጓዝ የተሳቢው የኋላ ቀኝ ጎማ መሽተት ጀመረ። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ጋራዥ ኩሽኔታውን ቀይሮልን ነበር። የሠራው ልጅ ቁልፉን በረጅም ቱቦ ቀጥሎ ዳዶውን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። «ጋሼ፣ ይኼ ከእንግዲህ ንቅንቅ አይልም» ሲለኝም ደስ ብሎኝ ነበር። ጥፋቱ ያው ንቅንቅ አለማለቱ ነው። መንገድ ላይ ስንፈታው ሮለሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፣ አቃፊያቸው ተበጣጥሷል፣ የውስጠኛው ቀለበት አክስሉ ላይ ተጣብቆ በመዶሻም አልወጣ አለ። ሁለት ሌሊት መንገድ ዳር አደርን። በአቅራቢያው የሚኖሩ አንዲት እናት ሁለቱንም ቀን እንጀራ በሽሮ ይዘውልን መጡ። ተሳቢው ላይ ያለው እህል የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በ1977 ድርቅ የዋግ ሰው እህል ፍለጋ ኮረም ድረስ በእግሩ የተጓዘ ሕዝብ ነው። እዚህ አገር እህል የጫነ ተሳቢ መንገድ ላይ ሲቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ይያዙ፦ የተሳቢ ኩሽኔታ በጥቂቱ ከላላው ይልቅ የጠበቀው ቶሎ ይቃጠላል።

ጎማው ከመጮሁ በፊት

ከቁልቁለት በኋላ ደልዳላ መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄደው፣ ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ይቁሙ። ረዳቱ በተሳቢው ዙሪያ ይዙርና የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ሞዞ ክዳን ያስጠጋ። አይንካ፤ ያስጠጋ ብቻ። የሚፈለገው ሞቃቱን ከጓደኞቹ መለየት ነው። አምስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ የእሱ ኩሽኔታ ወይም የእሱ ፍሬን ታሟል። በጣት ጫፍ ሁለት ጠብታ ውሃ ክዳኑ ላይ ጣል ያድርጉ። በሰቆጣ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ወይም 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጠብታው «ጭስስ» ብሎ ከጠፋ ሞዞው ያን ያህል ግሏል ማለት ነውና ጉዞው እዚያው ይቁም።

የቀዘቀዘውንም አይመኑት። ሁሉም ታንቡር ሞቆ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ጎማ ፍሬን እየያዘ አይደለም፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ እየተሸከሙለት ነው። ቁልቁለት ላይ ታንቡር የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከሰነፉ ጎማ ማዶ ያለው ታታሪው ነው።

የጋለ ታንቡር ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ የሚደፋ ሹፌር በዚህ መስመር አይጠፋም። እባካችሁ ተዉት። ታንቡር የሚሠራው የቀለጠ ብረት ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ነው፤ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ወንዝ ማቋረጥም ያው ነው፤ የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ግሪሱን በሚያግደው በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከወንዙ በፊት ሃያ ደቂቃ ማረፍ አንድ ጥንድ ኩሽኔታ ያተርፋል።

ሌሎቹ ምልክቶች ግልጽ ናቸው። የጎማው የውስጥ ጎን በግሪስ ከራሰ ፓራኦሊዮው አልቋል። ጎማው በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ሲሽከረከር የሚንገራገር ድምፅ ካለ ሮለሮቹ ተልጠዋል። ከሥር በብረት ዘንግ ከፍ ዝቅ ሲደረግ «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል።

ዕቃው ሲገዛ

አብዛኛው ሞዞ ሁለት ባለሮለር ኩሽኔታ አለው፤ ወደ አክስሉ የገባው ትልቁ፣ ከክዳኑ በታች ያለው ትንሹ። ቁጥራቸው በቀለበታቸው ጠርዝ ላይ ተቀርጿል። በጀርመኖቹ ቢ.ፒ.ደብልዩ ዓይነት የ12 ቶን አክስሎች ላይ በብዛት የሚገኙት 33118 እና 33213 ናቸው። ቁጥሩን ማንበብ ከባድ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ያባዙ፣ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር ይወጣል። 18 በ5 ሲባዛ 90 ነው፤ 13 በ5 ሲባዛ 65 ነው። የ33118 ውጫዊ ስፋት 150፣ ውፍረቱ 45 ሚሊሜትር ነው፤ የ33213 ደግሞ 120 እና 41። ይህን የሚያውቅ ሰው ካሊፐር ይዞ ከገባ ሱቅ ውስጥ «ይኼም ያው ነው» ተብሎ አይሸኝም። ግን በግምት አይሂዱ፤ የአክስል ዓይነት ብዙ ነውና የራስዎን አሮጌ ኩሽኔታ አጥበው ቁጥሩን ጽፈው ይሂዱ። ወልድያም ይግዙ፣ ደሴም፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም፣ ደንቡ ያው ነው።

የኩሽኔታው ሮለር ያለው ክፍልና ሞዞው ውስጥ የሚመታው ውጫዊ ቀለበት ተጋቢዎች ናቸው። አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው፤ አሮጌው ቀለበት የያዘውን ጠባሳ አዲሶቹ ሮለሮች ላይ ያትመዋል። ሁለቱን ከአንድ ካርቶን ይግዙ። ፓራኦሊዮና የዳዶ መቆለፊያ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ታንቡር ከተቀየረ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ሁለቱም ይቀየሩ፤ ሸራም እንዲሁ። አለበለዚያ ተሳቢው ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ግሪሱ ሊቲየም፣ ውፍረቱ ቁጥር 2፣ ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን ሙቀት ቻይ ይሁን። አንድ ኪሎ ለሁለት ሞዞ ይበቃል። ዓይነቱ የማይታወቅ ግሪስ ከሌላው ጋር አይቀላቀል፤ የማይስማሙ ግሪሶች ሲገናኙ እንደ ወጥ ይቀጥኑና ይፈሳሉ።

አንዳንድ አዳዲስ የአውሮፓ አክስሎች ከነግሪሱ ታሽጎ የመጣ አንድ ወጥ ኩሽኔታ አላቸው። እሱ አይከፈትም፣ ግሪስም አይጨመርበትም፤ ሙሉው ይቀየራል።

ማንሳት

ጭነቱ ይራገፍ። አንድ አክስል 10 ቶን ቢሸከም አንዱ ጎን 5 ቶን ነው፤ ክሪኩ የ20 ቶን ቢሆን ይመረጣል። መሬቱ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን፤ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍ።

ተሳቢው ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ይቆይ፤ መኪናው በእጅ ፍሬን ይያዝ። የማይነሡት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይግባባቸው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። ሞዞውን ለማሽከርከር የተሳቢው ፍሬን መለቀቅ አለበት፤ ለመልቀቅ ደግሞ አየር መሙላት፣ ወይም የሞላ ቻምበሩን በራሱ መሳቢያ ብሎን ስቦ ማሰር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ተሳቢውን የሚይዙት የመኪናው የእጅ ፍሬንና ታኮው ብቻ ናቸውና ታኮው አስቀድሞ በመዶሻ ይመታ። ሞላ ያለበትን የፍሬን ቻምበር ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ። ውስጡ የታመቀው ሞላ ሲፈነጠር ሰው ይገድላል።

የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት ሳይለቅ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ ከዚያ ያንሱ። በአንዳንድ ተሳቢዎች በግራ በኩል ያለው ጥርስ ተቃራኒ ነው፤ ከመታገልዎ በፊት ብሎኑ ጫፍ ላይ ምልክት ካለ ይዩ። ከተነሣ በኋላ አክስሉ የብረት መደገፊያ (ካቫሌቶ) ላይ ይረፍ። ካቫሌቶ ከሌለ ወፍራም እንጨት ተጠላልፎ ይደርደር እንጂ ድንጋይ አይካብ። የዋግ ድንጋይ ለቤት ግድግዳ የታመነ ነው፤ የብረት ጫፍ ሲያርፍበት ግን ሳይታሰብ ይፈረከሳል። ካቫሌቶው ሳይገባ ማንም ከሥር አይግባ።

መፍታት

ከመፈታቱ በፊት የሞዞው ክዳን ዙሪያ በብሩሽና በናፍጣ ይታጠብ። ክዳኑ ላይ ያለው አቧራ ሲከፈት ወደ ኩሽኔታው ነው የሚገባው። ነፋስ ካለ አስቀድመው፣ ሳይነሣ፣ ተሳቢውን ከነፋሱ ፊት አዙረው ያቁሙት፤ ከሥር ላስቲክ ያንጥፉ። ጆንያ አይሁን፤ ጭረቱ ግሪስ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ነገር እዚህ ይለዩ። በአንዳንድ አክስሎች ታንቡሩ ከሞዞው ውጭ በኩል ተለብሶ በጎማ ብሎኖቹ ይያዛል፤ ጎማው ሲወልቅ ታንቡሩ ብቻውን ይመጣል። ችግሩ ታንቡር ብቻ ከሆነ ኩሽኔታውን መንካት አያስፈልግም። በሌሎቹ ግን ታንቡሩ ከሞዞው ጀርባ ስለሚታሰር ሙሉው መውጣት አለበት።

የፍሬን ማስተካከያው ወደ ኋላ ይመለስ፤ ሸራዎቹ ይሰብሰቡ። ያለቀ ታንቡር ከንፈር ስለሚያወጣ ሸራው ካልተሰበሰበ ከንፈሩ ይይዘዋል። ቀጥሎ ክዳኑ፣ መቆለፊያው፣ ዳዶው፣ ሮንዴላው። የወጣው ሁሉ ላስቲኩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በአወጣጡ ተራ ይደርደር። ሞዞውን ትንሽ ወደ ራስዎ ሲስቡት ትንሹ ኩሽኔታ ራሱ ይወጣል፤ በእጅ ይቀበሉት። ታንቡሩ ብቻውን የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ያህል ይከብዳል፤ ከነሞዞው ሲሆን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ግሪስ የተቀባ ሳንቃ ከሥሩ አስገብተው ያንሸራቱት፤ በአክስሉ ጥርስ ላይ አይጎትቱት።

የሸራው ብናኝ በአየር አይነፋ። በተለይ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ የሚገድል ነው። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ ይቀበር።

ማየት

ሁሉንም በናፍጣ ይጠቡ። ቤንዚን አይሁን፤ እሳት ነው። ኩሽኔታውን በአየር እያሽከረከሩ ማድረቅም አይገባም፤ ያለ ግሪስ በፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ ይቧጠጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ሮለር የተላጠ፣ የተቆፋፈረ፣ የጠቆረ ወይም ሰማያዊ የሆነ ከሆነ ይጣላል። ለዓይን ያልታየውን ጥፍር ያገኘዋል፤ የአውራ ጣትዎን ጥፍር በቀለበቱ ውስጥ ቀስ ብለው ይሳቡት፣ የሚይዘው ነገር ካለ ኩሽኔታው አብቅቷል።

የአክስሉ ጫፍ ቀጥሎ ይታይ። የኩሽኔታው ውስጣዊ ቀለበት በእጅ ሊገባ ይገባል፤ ገብቶ ግን መወዛወዝ የለበትም። አክስሉ ከተበላ መንገድ ዳር በብየዳ ሞልቶ በፍላታ መሞረድ መፍትሔ አይሆንም፤ ቶርኖ ቤት ይሂድ ወይም ጫፉ ይቀየር።

ሞዞው ውስጥ ውጫዊው ቀለበት በጥብቀት መቀመጥ አለበት። በእጅ የሚገባ ከሆነ ሞዞው ሰፍቷል። በየመንገዱ የተለመደ አንድ ዘዴ አለ፤ የሞዞውን ግድግዳ በፑንጣ ነቁጠው እብጠት ያወጡለታል። ቀለበቱ በእብጠቶቹ ጫፍ ላይ ያርፍና የያዘ ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣ እብጠቶቹ ይደቃሉ፣ ቀለበቱ ይዞራል፣ ሞዞው ይግላል። የሰፋ ሞዞ ይቀየር። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጎማውን ይዞ የሚወልቅ ሞዞ ግን ከሱ የበለጠ ያስከፍላል።

ታንቡሩን ፀሐይ ላይ አውጥተው ውስጡን ይመልከቱ። እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቁ ጥቃቅን የሙቀት መስመሮች ገጽ ላይ ብቻ ከሆኑ ይታለፋሉ። እስከ ጠርዝ የደረሰ ወይም ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ታንቡሩን ይጥለዋል። ከዚያ ስፋቱን በሦስት ቦታ ይለኩ። በብዙ ተሳቢዎች አዲሱ 420 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ መጣያ ልኩ ታንቡሩ ላይ ራሱ ተቀርጿል። ጽሑፉ ከጠፋ ከመጀመሪያው ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሰፋውን አይመልሱት። የቀጠነ ታንቡር ሙቀት የሚሸከምበት ብረት የለውም፤ ለሜዳ ቢበቃ እንኳ ለግራካሕሱ አይበቃም።

ሸራው 5 ሚሊሜትር ከደረሰ፣ ወይም ሪቬቱ ሊነካ ከቀረበ ይቀየር። ግሪስ የጠጣ ሸራ ላይ ቤንዚን ረጭተው በእሳት የሚያቃጥሉ አሉ። ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ የቀረው ዘይት መጀመሪያ ቁልቁለት ላይ ሲግል ተመልሶ ይወጣል። ይጣል። የመመለሻ ሞላዎቹም ከሸራው ጋር ይቀየሩ፤ የደከመ ሞላ ሸራውን ታንቡር ላይ እያቆየ ያግለዋል።

ቀለበቱን መምታትና ግሪስ መሙላት

አሮጌው ቀለበት ከውስጥ በኩል በለስላሳ ብረት፣ በተለይ በነሐስ ዘንግ፣ ዙሪያውን እየተዟዟረ ተመትቶ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ ፀሐይ ታግዛለች። ሞዞውን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ አዲሱን ቀለበት ከነወረቀቱ ጥላ ውስጥ ከቀዝቃዛ ውሃ ዕቃ አጠገብ ያቆዩት። የ30 ዲግሪ ልዩነት 150 ሚሊሜትር የሚሰፋውን ቀዳዳ በ0.05 ሚሊሜትር ያህል ያሰፋዋል፤ ለመዶሻው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከላዩ አሮጌውን ቀለበት ገልብጠው አስቀምጠው በእሱ ላይ ይምቱ። አዲሱን ቀለበት በመዶሻ በቀጥታ አይምቱ። ሲገባ ድምፁን ያዳምጡ፤ «ጠብ ጠብ» ሲል የነበረው ወደ ደረቅ «ቋ» ሲለወጥ ወለሉ ላይ ደርሷል። ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

ግሪሱን በጣት ላዩን መቀባት ሞላሁ አያሰኝም። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ያድርቁ። የእንቁላል ያህል ግሪስ ግራ መዳፍዎ ላይ ያድርጉ። ኩሽኔታውን በቀኝ እጅ ይዘው ሰፊውን ጠርዝ ወደ ታች አድርገው ግሪሱ ላይ እየገፉ ወደ ራስዎ ይግጩት። ሦስቴ አራቴ ሲገጩት ግሪሱ በሮለሮቹ መሐል አልፎ በጠባቡ ጠርዝ እንደ ትል እየተጥመለመለ ይወጣል። ያኔ ትንሽ ያዙሩትና ቀጣዩን ክፍተት ይሙሉ፤ ዙሪያው እስኪያልቅ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሐል ያለው የሞዞ ሆድ ግን አይጠቅጠቅ፤ እስከ ቀለበቶቹ ከፍታ ዙሪያውን ይቀባና መሐሉ ባዶ ይተው። ግሪስ ሲሞቅ ያብጣል፤ ቦታ ካጣ ፓራኦሊዮውን ገፍቶ ሸራ ላይ ይፈሳል።

ትልቁ ኩሽኔታ ይግባ፣ ቀጥሎ ፓራኦሊዮው፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ግሪሱ ወዳለበት ይዙር፣ ከንፈሩም ግሪስ ይቀባ። በጠፍጣፋ እንጨት ዙሪያውን እኩል ይመታ። የተጣመመ ፓራኦሊዮ አይቃናም።

አዲስ ታንቡር ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ሞቅ ባለ ውሃና በኦሞ ውስጡን አጥበው ያድርቁ። ይህን ረስተው አዲስ ሸራ የሚያበላሹ ብዙ ናቸው።

ዳዶው

እዚህ ጋ አይቸኩሉ። ሞዞው ቀጥ ብሎ በአክስሉ ላይ ይግባ፤ የአክስሉ ጥርስ ፓራኦሊዮውን እንዳይቀደው ሞዞውን ሁለት ሰው ይያዘው። ትንሹ ኩሽኔታ፣ ሮንዴላው፣ ዳዶው ይከተሉ።

የአክስሉ ሠሪ የጻፈው ልክ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ፣ ባለሁለት ዳዶ ለሆኑ አክስሎች ይህ የታመነ አካሄድ ነው። አንድ ሰው ሞዞውን ወዲያና ወዲህ እያሽከረከረ ሌላው ዳዶውን 270 ኒውተን ሜትር ያህል ያጥብቅ። መለኪያ ቁልፍ ከሌለ የ1 ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 27 ኪሎ እንደመጫን ያስቡት። ማሽከርከሩ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው፤ ሳይዞር የጠበቀ ዳዶ ይዋሻል። ከዚያ አንድ ሙሉ ዙር ያላሉት። እንደገና እያሽከረከሩ 70 ኒውተን ሜትር ያህል ያጥብቁ፤ ይህ በግማሽ ሜትር ቁልፍ 14 ኪሎ ነው። በመጨረሻ ሩብ ዙር ያህል መልሰው ያላሉና መቆለፊያውን ያስገቡ፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ወደ ማላላቱ እንጂ ወደ ማጥበቁ አይሂዱ። ሁለተኛው ዳዶ ሲጠብቅ የመጀመሪያውን ሊገፋው ስለሚችል ከእሱ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

የሚፈለገው ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊሜትር ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት በዚህ መሐል ይወድቃል። ባለሰዓት መለኪያ ካለ በእሱ ይለካል። ከሌለ ሞዞውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራስዎና ወደ አክስሉ ይግፉ ይሳቡ፤ ዓይን የማያየው፣ እጅ ግን የሚሰማው የፀጉር ያህል እንቅስቃሴ መኖር አለበት። ምንም ከሌለ ጠብቋል፤ «ቋ» ካለ ላልቷል። ሲለቁት ያለ ንግርግር ሁለት ሦስት ዙር ዞሮ በራሱ ቀስ ብሎ ይቁም። መቆለፊያው ይታጠፍ። አንድ ጊዜ የታጠፈ አሮጌ መቆለፊያ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይሰበራልና አይመለስ።

ፍሬንና ጎማ

ማስተካከያው በእጅ የሚሠራ ከሆነ ሸራው ታንቡሩን እስኪነካ ያጥብቁና ጎማው በነፃነት እስኪዞር ብቻ ያላሉ። ከዚያ ሙሉ ፍሬን ሲረገጥ የቻምበሩ ዘንግ ምን ያህል እንደሚወጣ ይለኩ፤ ለተለመደው ቁጥር 30 ቻምበር ከ50 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ግራና ቀኙ እኩል ይሁኑ። በራሱ የሚስተካከል ዓይነት ከሆነ ከመጀመሪያው ገጠማ በኋላ በየጊዜው በቁልፍ አይጎርጉሩት።

የቸርኬውና የታንቡሩ መገናኛ ገጽ ከዝገት፣ ከቀለምና ከጭቃ ይጽዳ። ቀለም በመሐል ከገባ ሲሞቅ ይቀጥንና ዳዶው ይላላል። አሥሩ ዳዶዎች በተቃራኒ ተቃራኒ ይጠበቁ፤ መጀመሪያ ሁሉም በከፊል፣ ቀጥሎ ሁሉም ሙሉ። ለ22 ሚሊሜትር ብሎን ልኩ 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ እንደሚቆም ማለት ነው። እየዘለለ አይደለም፤ ቆሞ።

የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ ሸራና ታንቡር ገና አልተላመዱም፤ ሙሉ ገጻቸው ስለማይነካካ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍሬኑ ከወትሮው ይደክማል። የሚቻል ከሆነ መጀመሪያ ባዶ መኪና፣ በሰቆጣ ዙሪያ ደልዳላ መንገድ ላይ፣ በየጥቂቱ ለስለስ ያለ ፍሬን እየያዙ ያላምዱት። በዚያኑ ቀን ግራካሕሱን ወይም የተከዜን ቁልቁለት በጭነት አይውረዱ። ሲወርዱም ማርሹን ከላይ ሳሉ ያሳንሱ፤ መሐል ላይ ደርሶ ማርሽ መፈለግ አይቻልም።

15 ኪሎ ሜትር ላይ ይቁሙና የእጅዎን ጀርባ ወደ ሞዞው ያስጠጉ። ለብ ያለ ከሆነ ጤና ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ መድረሻዬ ቅርብ ነው ብለው አይግፉት፤ ወይ ዳዶው ጠብቋል ወይ ፍሬኑ ይዟልና እዚያው ፈትሸው ያላሉት። 50 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ይቁሙ፤ ቁልፉንና ቱቦውን አውርደው አሥሩንም የጎማ ዳዶዎች አንድ በአንድ እንደገና ያጥብቁ።